ላዛኛ በበዓል ገበታ፦ ቤሻሜል ይግባ ወይስ አይግባ?

ማዕዶት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። በቤተሰባችን በየበዓሉ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ዘንድሮ ወደ ኩርፊያ ሊያደርስ ስለተቃረበ የእናንተን ሐሳብ መስማት ፈለግሁ። ክርክሩ ስለ ዶሮ ወጥ አይደለም፤ ስለ ዶሮው ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ቆይተዋል። ጠቡ ስለ ላዛኛ ነው።

እናቴ አሥመራ ተወልዳ ያደገች ናት። ላዛኛዋን የምትሠራው ግማሽ ቀን በለዘብተኛ እሳት ላይ በዋለ የሥጋ ሱጎ፣ በስሱ በሚፈስ ቤሻሜልና (በቅቤና በዱቄት የወፈረ የወተት መረቅ ነው) ከላይ በሚነሰነስ የተፋቀ ቺዝ ነው፤ በርበሬ በአጠገቡ አያልፍም። አማቴ ደግሞ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላልተው፣ በርበሬ ጣል አድርገው፣ ሥጋውን በተነጠረ ቅቤ ያበስሉና በፓስታው ድርብርብ መካከል ቤሻሜል ሳይሆን አይብ ያስገባሉ። ቤሻሜልን «አጥሚት» ነው የሚሉት።

እናቴ የአማቴን ትሪ «ጥሩ ፍትፍት ነው፤ ላዛኛ ግን አይደለም» ትላለች፤ አማቴም የእናቴን «ለአራስ የሚሆን ነው» ይላሉ። ባለቤቴ ከሁለቱም ይበላል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም። ሁለት ትሪ ይሠራ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ እናቴ «በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ላዛኛ የሚቀርበው ለውድድር ነው» ብላ ዘጋችው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በየአካባቢያችሁና በየቤታችሁስ እንዴት ይሠራል?

የፒያሳው ወጥ ሠሪ፣ አዲስ አበባ

እኅቴ ማዕዶት፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሆቴል ወጥ ቤት የኖርኩ ሰው ነኝና በሰፊው ልመልስልሽ። «ትክክለኛው ላዛኛ» የሚባለው ነገር ጣሊያን ውስጥ ራሱ ባለቤት የለውም፤ የእናትሽና የአማትሽ ሙግት እዚያም በቦሎኛና በናፖሊ ሰዎች መካከል ሲካሄድ የኖረ ነው።

በሰሜን፣ በቦሎኛ፣ ፓስታው በእንቁላልና በቆስጣ መሰል ቅጠል ተለውሶ አረንጓዴ ይሆናል። በየድርቡ ራጉ የሚሉት የሥጋ ሱጎ፣ ቤሻሜልና ፓርሜዛን ይገባል፤ ሞዛሬላ የለበትም። ስለ ራጉው እጅግ ከመጠንቀቃቸው የተነሣ የጣሊያን የምግብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1982 አሠራሩን በቦሎኛ የንግድ ምክር ቤት አስመዝግቦታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አሻሽሎታል። በደቡብ፣ በናፖሊ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፓስታው ከጠንካራ ስንዴ የተሠራ ደረቅ ፓስታ ነው፤ በመካከሉ ሪኮታ የሚባለው ለስላሳ አይብ፣ ተጠብሰው የገቡ ትንንሽ የሥጋ ድብልብሎች፣ ቋሊማ፣ ሞዛሬላ ወይም ፕሮቮላ የሚባሉት ቺዞች፣ እንዲሁም የተቆራረጠ ቅቅል እንቁላል ይገባል። ቤሻሜል የለውም። ይህን ላዛኛ በዋነኛነት የሚሠሩት በካርኒቫል፣ ማለትም እኛ ቅበላ በምንለው ወቅት ነው፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሥጋው፣ እንቁላሉና የወተቱ ውጤት ሁሉ በአንድ ትሪ ይጠቃለላል።

ይህ ሁሉ ከጣዕም ምርጫ ብቻ የመጣ አይደለም። በሰሜን ያለው የፖ ወንዝ ሸለቆ የላምና የቅቤ አገር ነው፤ ወተት የተረፈው ሰው ቤሻሜል ይሠራል። ደቡቡ በግና የወይራ ዘይት ይበዛበታል፤ ወተቱ ወደ አይብ ይሄዳል። ወደ ቤትሽ ስንመለስ፣ የእናትሽ ትሪ ለቦሎኛ ይቀርባል። የአማትሽ ትሪ ደግሞ በርበሬውን ብናቆየው ለናፖሊ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም አይብና ሪኮታ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ሪኮታ ቺዝ ከተወሰደለት በኋላ የቀረው ውሃ እንደገና ተሞቆ የሚወጣ ነው፤ አይብ ደግሞ ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረው አሬራ በለዘብታ ተሞቆ የሚወጣ ነው። ሁለቱም ዋናው ነገር ከተወሰደ በኋላ የቀረውን ላለመጣል የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ አማትሽ ጣሊያንን ሳያዩ የናፖሊን ሐሳብ አግኝተውታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ እኛ የመጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረች፤ በኢትዮጵያ ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆየ። ከጦርነቱ በኋላም በአሥመራም ሆነ በአዲስ አበባ የቀሩ ጣሊያኖች ስለነበሩ ሱጎው፣ ፓስታ አልፎርኖውና ላዛኛው በምግብ ቤትና በሰው ቤት ማዕድ ቤት አብሮ ቀረ። የአሥመራ ሰው ብዙ ዘመን አብሮ ስለኖረበት አሠራሩን ሳይለውጥ ይጠብቃል፤ መሀል አገር ያለው ግን ከምግብ ቤት ቀምሶ በቤቱ ባለው ነገር ሠራው። አማትሽ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

ጋሼ ላካፈሉን ዕውቀት አመሰግናለሁ። የድሬዳዋ ነገር ግን ከጣሊያኖቹ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ባቡሩ ከጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ዓመታት ስለወሰደ፣ ከተማችን ከፈረንሳዩም፣ ከግሪኩም፣ ከአርመኑም፣ ከየመኑም ድስት የቀመሰች ናት። በእኛ ቤት በዒድ ላዛኛ ይሠራል። ሱጎው ውስጥ ወይን አይገባም፤ በምትኩ እናቴ በመጨረሻው ላይ ጥቂት ሎሚ ትጨምቅበታለች። ከሙንና ጥቂት ሄል ይገባል። ቤሻሜሉም አለ፣ ግን ስስ ነው።

የቤተሰባችን ክርክር ስለ ቤሻሜል ሳይሆን ስለ እሳቱ ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች ትሪው ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ይላክ ነበር፤ የከሰዓቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ፉርኖው እየበረደ ሲሄድ ነው የሚገባው። የየቤቱ ትሪ እንዳይምታታ በእጀታው ላይ ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ የእኛው ሁለት ዙር ነበር። የዚያ ላዛኛ ዳር ዳሩ ይደርቅና መሀሉ እንደለሰለሰ ይቀር ነበር፤ አጎቶቼ እስከ ዛሬ የቤት ኦቭን ላዛኛ አይጥማቸውም። እናቴ ደግሞ «በሰው እሳት የበሰለ ምግብ ጨው ሲያንሰው ማን ይጨምርለታል?» ትላለች። እኔ ከአጎቶቼ ጋር ነኝ።

ጉራማይሌ፣ ሐዋሳ

ኦቭን የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ከዳቦ ቤቱ ጋር የማይተዋወቀውስ?

የፒያሳው ወጥ ሠሪ፣ አዲስ አበባ

ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ዘዴ ይበቃል። ትሪው ከባድ ክዳን ይኑረው፤ ከታች እሳቱ አነስ ይበል፣ ክዳኑ ላይ ግን ፍሙ በርከት ብሎ ይከመር። ፓስታው ቀድሞ ስለተቀቀለና ሱጎውም ስለበሰለ ከታች ብዙ እሳት አያስፈልግም፤ የሚፈለገው የላዩ መቅላት ነው። አመዱ እንዳይገባ ክዳኑ በሊጥ ይታተም።

ከሪያድ የተመለሰች፣ ኮምቦልቻ

እኔ ላዛኛን የማውቀው በሌላ በር ነው። በሪያድ በሰው ቤት ስሠራ አሠሪዎቼ ግብፃውያን ነበሩ፤ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል መካሮና በሻሜል የሚሉትን እሠራ ነበር። የላዛኛ ፓስታ የለበትም፤ እንደ ቱቦ ያለው መኮረኒ ነው። መኮረኒው ጥሬነቱ ሳይጠፋ ይቀቀልና ከቤሻሜሉ ጥቂቱ ይታሽበታል፤ ከዚያ ግማሹ ትሪ ላይ ይነጠፋል፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የበሰለ የተፈጨ ሥጋ ይከተላል፣ ቀሪው መኮረኒ ይደረባል፣ ከላይ የቀረው ቤሻሜል በሙሉ ይፈስበታል። ላዩ እንዲቀላ አንድ እንቁላል ተመትቶ በቤሻሜሉ ውስጥ ይገባል፤ ሥጋው ላይ ደግሞ የቀረፋ ሽታ ይኖራል።

ወደ አገሬ ስመለስ ይህንኑ በዒድ ሠራሁ። ወንድሞቼ «የዓረብ ላዛኛ» ብለው ስም አወጡለት፤ ታላቅ እኅቴ ደግሞ በአዲስ አበባ ምግብ ቤት የበላችውን እያነሣች «መኮረኒ በትሪ ስለገባ ላዛኛ አይሆንም» ትላለች። እኔም ላዛኛ ነው አላልኩም። ነገር ግን መኮረኒ በየሱቁ አለ፤ የላዛኛ ፓስታ ለመግዛት ከተማ ለከተማ መዞር ሊኖር ነው፤ ዋጋውም ያው ታውቁታላችሁ። በቤይሩት፣ በኩዌትና በዱባይ የሠሩ እኅቶቻችን ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ በሰፈሬ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ባሉበት ግብዣ ሁሉ ይህ ትሪ አይጠፋም። ስለ ላዛኛ ታሪክ ሲወራ የጣሊያን ስም ብቻ ሲነሣ ግን እኛ የለፋንበት ተረስቷል ብዬ አስባለሁ።

የፒያሳው ወጥ ሠሪ፣ አዲስ አበባ

ልክ ነሽ፣ አልተነሣም ነበር። እንዲያውም የዚህ ትሪ ወንድም በግሪኮች ዘንድ አለ፤ ፓስቲትሲዮ ይሉታል። ቤሻሜሉን በእሱና ሙሳካ በሚሉት የባዚንጃን ትሪ ላይ ያስለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበረው፣ የፈረንሳይን ሙያ የተማረው ግሪካዊ ምግብ አብሳይ ኒኮላኦስ ጼሌሜንቴስ ነው ይባልለታል። ቤሻሜል የመጣበትን መንገድ የሚቆጥር ሰው ጣሊያን ላይ መቆም አይችልም።

የሰንበት ልጅ፣ ነታንያ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። በእኛ ዘንድ የማዕዶት ክርክር አይነሣም፤ ሁለቱም ትሪዎች አይገቡምና። በአይሁድ ሥርዓት ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ አይቀርብም፤ ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ ካለበት ቤሻሜልም፣ አይብም፣ ቺዝም፣ ቅቤም የለም። ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ የባዚንጃንና የቆስጣ ላዛኛ በቺዝ ይሠራል፣ ወይ የሥጋ ላዛኛ ያለ ወተት ይሠራል። ለሥጋው ላዛኛ ባለቤቴ ዱቄቱን በዘይት አብስላ በአጥንት መረቅ ታቀጥነዋለች፤ ቤሻሜል የሚያስመስለው ከላይ የሚይዘው ቀለም ብቻ ነው፣ ጣዕሙ ግን የራሱ ነው፤ እኔ ከወተቱ አስበልጠዋለሁ።

ክርክሩ ያለው ከወላጆቻችን ጋር ነው። እናቴ ከጎንደር በኩል የመጡ ናቸው፤ ለሰንበት የሚቀርበው የሰንበት ዳቦና ወጥ ነው ብለው ያምናሉ። ዓርብ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ሁሉም ነገር ማለቅ ስላለበትና በሰንበት እሳት ስለማይነካ፣ ምግቡ ፕላታ በሚባለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ እንደሞቀ ያድራል። ወጥ በፕላታ ላይ ባደረ ቁጥር ይጥማል፤ ላዛኛ ግን ይደርቃል። ልጆቹ ላዛኛ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ ሱጎውን አብዝተን፣ ትሪውን በወፍራም ወረቀት ሸፍነን ማሳደር ጀመርን። እናቴ አሁንም ወጣቸውን ነው የሚያቀርቡት፤ ላዛኛውን የሚቀምሱት ልጅ በእጁ ሲያጎርሳቸው ብቻ ነው።

ወለተ ማርያም፣ ደብረ ማርቆስ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ለበዓሉ ማታ ይህን ያህል የምንጨነቅ ከሆነ በጾሙ ለምን ዝም እንላለን? በእኛ ቤት ላዛኛ ከፋሲካ ይልቅ በዐቢይ ጾም ይሠራል። ምስሩ ክክ ሳይሆን ድፍኑ ይቀቀልና በደንብ ሳይፈርስ በቁሌትና በቲማቲም ድልህ ይበስላል፤ ቤሻሜሉ በዘይት፣ በዱቄትና በአትክልት መረቅ ይሠራል፤ ከላይ በጥቂት ዘይት የታሸ የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል። ከነታንያ የጻፉት ወንድም በአጥንት መረቅ የሚሠሩትን እኛ በካሮትና በሽንኩርት መረቅ መሥራታችን ነው።

ጠያቂው፣ አዳማ

እኅታችን ወለተ ማርያም፣ በቅንነት ልጠይቅ። የጾም ላዛኛ፣ የጾም ክትፎ፣ የጾም በርገር እያልን ከሄድን ጾሙ ከምን ላይ ነው? አባቴ በዚህ ምክንያት የጾም ላዛኛን አይበሉም፤ «ስሙን ከፈለግኸው ሥጋውንም ፈልገኸዋል» ይላሉ። እኔም ወደ እርሳቸው አደላለሁ።

ወለተ ማርያም፣ ደብረ ማርቆስ

አባትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሽሮም ቢሆን በሚገባ ተቁላልቶ ሲሠራ ደስ ብሎን ነው የምንበላው። ምስር በትሪ ስለገባ ፍስክ አይሆንም። ሰዓቱን ጠብቆ የበላና የተረፈውን ለተቸገረ ያካፈለ ሰው ምግቡ ስለሚጠራበት ስም የሚጠየቅ አይመስለኝም። ከዚህ በላይ ክርክሩን አልገፋውም፤ የክሩ ርዕስ ላዛኛ ነውና።

የበረዶ አገር አባት፣ ሚኒሶታ

እዚህ በሚኒሶታ የአገሬው ሰው ሆትዲሽ የሚለው የትሪ ምግብ አለው፤ በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ካሰሮል ይባላል። ከታች የተፈጨ ሥጋ፣ በመካከል የቆርቆሮ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ፣ ከላይ የተጠበሱ የድንች ድብልብሎች ተደርድረው ወደ ኦቭን ይገባል። የእንጉዳይ ሾርባው የእኛን ቤሻሜል ቦታ ይዟል ማለት ይቻላል። ካምቤል የተባለው ኩባንያ ይህን ሾርባ እ.ኤ.አ. በ1934 ለገበያ አቀረበው፤ ለምስጋና ቀን በመላው አሜሪካ የሚቀርበውን የፎሶሊያ ካሰሮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 በኩባንያው ማዕድ ቤት ትሠራ የነበረችው ዶርካስ ራይሊ ከባልደረቦቿ ጋር አዘጋጀችው። እንግዲህ ዛሬ «የአያቴ አሠራር» ተብሎ የሚከበረው ትሪ የተወለደው በኩባንያ ወጥ ቤት ነው፤ ይህ ግን አሜሪካውያን ቤተሰቦች እርስ በርስ ከመሟገት አላገዳቸውም። የተጠበሰው ሽንኩርት ከመጀመሪያው ይግባ ወይስ በመጨረሻ ይነስነስ በሚለው ላይ ጎረቤቶቼ ሲከራከሩ ሰምቼ እንደ ቤቴ ሆኖ ተሰማኝ።

በእኛ ቤት ልጆቹ ሆትዲሽ ከትምህርት ቤትና ከጓደኛ ቤት ለምደው መጡ። ባለቤቴ የቆርቆሮ ሾርባውን አልቀበልም አለች፤ ቤሻሜል ሠርታ እንጉዳዩን ከተፈችበት፣ ሥጋውን በአዋዜ አበሰለች። ለልጆቹ «ይህ ሆትዲሽ አይደለም» ነው፤ ለእንግዶቻችን ደግሞ «ይህ የኢትዮጵያ ምግብ አይደለም» ነው። ትሪው ግን ባዶውን ነው የሚመለሰው። ለማዕዶት የምመክረው፣ ስም ማውጣቱን ትታችሁ አማትሽ በበርበሬው ላይ፣ እናትሽ በሰዓቱ ላይ እንዲከራከሩ ነው፤ ክርክሩ ስለ አሠራር ሲሆን ሰው ያስተምራል፣ ስለ ስም ሲሆን ያስቀይማል።

ማዕዶት፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጋሼን ጽሑፍ ለሁለቱም አነበብኩላቸው። አማቴ ናፖሊ የሚለውን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው፤ እናቴ ግን «አሥመራን የገዛት ናፖሊ አይደለም» ብላ መልስ ሰጠች። አሁን ያለው ሐሳብ የእናቴ ሱጎ በአማቴ ቅመም ተሠርቶ፣ ቤሻሜልም አይብም በአንድ ትሪ ይግባ የሚል ነው፤ ይህን ያመጣው ባለቤቴ ነው። ጋሼ፣ ይህ ይሆናል? በተጨማሪም የእኛ ላዛኛ ሲቆረጥ ይፈርሳል፤ ምክንያቱን ቢነግሩኝ።

የፒያሳው ወጥ ሠሪ፣ አዲስ አበባ

የባለቤትሽ ሐሳብ የሽምግልና እንጂ የወጥ ቤት አይደለም። አይብም ቤሻሜልም ለስላሳ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ድርብ ሲገናኙ ፓስታውን የሚይዘው ነገር ይጠፋል፣ የተቆረጠው ቁራሽም በሳህኑ ላይ ይፈስሳል። የግድ ሁለቱም ይግቡ ከተባለ አይቡ በውስጥ ድርቦች ብቻ ይሁን፣ ቤሻሜሉ ደግሞ በመጨረሻው ድርብ ላይ ብቻ ይፍሰስ። አይቡ ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ነጠላ ተቋጥሮ ተሰቅሎ ይደር፤ ውሃ ያቆረ አይብ ነው ትሪን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው። አይብ ጨው ስለሌለው ለብቻው ይመጠን።

ቤሻሜሉን በ1 ሊትር ወተት፣ በ80 ግራም ቅቤና በ80 ግራም ዱቄት ሥሩት። ቅቤው ለጋ ይሁን፤ በተነጠረ ቅቤ የተሠራ ቤሻሜል ኮሰረቱና ኮረሪማው የወተቱን ጣዕም ይውጠዋል፤ የተነጠረው ለሱጎው ይዋል። ዱቄቱ በቅቤው ውስጥ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ይታሽ፣ ወተቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ ገውዝ ካገኛችሁ በጫፍ ፍቃችሁ ጨምሩበት።

የመፍረሱ ዋና ምክንያት ግን ሱጎው ነው። የአማትሽ ቁሌት ጥሩ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ዘይት የተቁላላ ሽንኩርት ውሃውን ጨርሶ ስለሚገባ ሱጎው ወፍራም ይሆናል። የእናትሽ ረጅም ሰዓትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማንኪያ በድስቱ ግርጌ ላይ ስትጎትቺ መንገዱ ቶሎ ካልተዘጋ ሱጎው ደርሷል። በርበሬውም ከሽንኩርቱ ጋር ቀድሞ ይብሰል፤ ዘግይቶ የገባ በርበሬ በኦቭን ውስጥ ይመራል። በ180 ዲግሪ ላዩ እስኪቀላ ድረስ አቆዩትና ካወጣችሁት በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይቀመጥ።

የከዚራ ልጅ፣ ድሬዳዋ

20 ደቂቃ ጾመኛ በተሰበሰበበት ቤት ማን ያስጠብቃል?

የፒያሳው ወጥ ሠሪ፣ አዲስ አበባ

ዶሮው ይቅደም።